ጄል ከማፍሰሳችሁ በፊት፦ አጋሮዝ፣ ፖሊአክሪላማይድ ወይስ ካፒላሪ?

ባለፈው ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ቡናዬን ስጠጣ ስልኬ ጠራ። የማስተርስ ተማሪ ነው። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ጋሼ፣ አክሪላማይድ ሐዋሳ ይገኛል?» አለኝ። (ጋሼ የሚለው ማዕረግ ከሽበቱ ጋር በነጻ የመጣልኝ ነው።) ለምን ፈለግከው ስለው፣ «አጋሮዝ የጀማሪ ነው፣ ደህና ቴሲስ በፖሊአክሪላማይድ ነው የሚሠራው ብለውኝ» አለ። ማን እንዳለው አልጠየቅኩትም። በየላቡ እንዲህ የሚል አንድ ሲኒየር አይጠፋም።

ጥያቄው በየሳምንቱ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። አንዷ ኤስዲኤስ ልጠቀም ወይስ ያለ ኤስዲኤስ ትላለች፣ ሌላው ቲኤኢ ይሻላል ቲቢኢ ይላል፣ ደግሞ አንድ ጎረቤቴ የእናቱን የደም ምርመራ ወረቀት ይዞ መጥቶ «ይሄ ኤሌክትሮፎሬሲስ የሚሉት ምንድነው?» ብሎኛል። አንዴ ጽፌው ልገላገል። ኤሌክትሮፎሬሲስ ማለት ዲኤንኤን ወይም ፕሮቲንን በኤሌክትሪክ እያስሮጡ መለየት ነው፤ አጋሮዝና ፖሊአክሪላማይድ (ከአክሪላማይድ የሚሠራው) የሚሮጡበት ጄል ናቸው፣ ካፒላሪ ደግሞ ቀጭን ቱቦ።

ጄሉ ራሱ ለምን አስፈለገ?

ዲኤንኤ ከላይ እስከ ታች ፎስፌት ተሸክሟል፤ ፎስፌት ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ወደ ፖዘቲቩ፣ ማለትም ወደ ቀዩ ሽቦ ይሮጣል። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ረጅሙ ዲኤንኤ ብዙ ቻርጅ ስላለው በኃይል ይጎተታል፣ ግን ርዝመቱ በዚያው ልክ ፍትጊያ ያበዛበታል። አጭሩ በትንሹ ይጎተታል፣ በትንሹ ይፈተጋል። ስለዚህ ባዶ ፈሳሽ ውስጥ ብትለቋቸው ሁለቱም እኩል ነው የሚሄዱት ማለት ይቻላል።

ባጃጅና አይሱዙ አስቡ። ባዶ አስፋልት ላይ በአንድ ፍጥነት ይነዳሉ እንበል። ሁለቱንም በገበያ ቀን ገበያው መሃል አስገቧቸው። ባጃጁ በሰው መሃል ሹልክ እያለ ይወጣል፣ አይሱዙው ክላክሱን እየነፋ እዚያው ይቀራል። ጄል ማለት ገበያው ነው። ፐርሰንቱን መጨመር ማለት ገበያተኛውን ማብዛት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ «የትኛው ገበያ ለየትኛው መኪና» የሚል ነው።

ይህን ነገር የጀመሩት ሰዎችም መጀመሪያ ያለ ጄል ነበር የሠሩት። ስዊድናዊው አርነ ቲሴሊየስ በ1937 የደም ሴረም ፕሮቲኖችን ፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ ለይቶ አሳየ፣ በ1948 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ችግሩ ፈሳሽ ውስጥ ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ይደበላለቃል። በ1955 ኦሊቨር ስሚዚስ የድንች ስታርች አብስሎ ጄል አደረገው። ሐሳቡ የመጣለት ልጅ ሆኖ እናቱ የአባቱን ሸሚዝ በስታርች ስታደርቅ፣ ስታርቹ ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ አይቶ ስለነበር ነው። በዓለም ላይ ካሉ የላብራቶሪ ታሪኮች ይህን የሚያህልብኝ የለም። ዛሬ የምናፈሰው አጋሮዝ ደግሞ ከቀይ የባሕር አልጌ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ አንድ ቁጥር ጻፉ

ሱቅ ከመደወላችሁ በፊት ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር አስፍሩ፦ መለየት የምትፈልጓቸው ሁለት ነገሮች በመጠን ስንት ይለያያሉ? አንዱ 500 ቤዝ (የዲኤንኤ ርዝመት የሚቆጠርበት) ሌላው 800 ከሆነ፣ ልዩነቱ 300 ነው፤ ማንኛውም አጋሮዝ ያሳያችኋል። አንዱ 180 ሌላው 184 ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው። ይህን ቁጥር ሳያውቁ ጄል የሚመርጡ ሰዎች እግራቸውን ሳይለኩ ጫማ እንደሚገዙ ናቸው፣ አንዳንዴ ይገጥማል።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ ባንዱን (ጄሉ ላይ የሚታየውን መስመር) ካያችሁት በኋላ ምን ልታደርጉት ነው? አይታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ትጥሉታላችሁ፣ ወይስ ቆርጣችሁ አውጥታችሁ ሌላ ሥራ ትሠሩበታላችሁ? ይህ በፈሩንም (ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈውን የጨው ውሃ) ቀለሙንም ይወስናል።

አጋሮዝ

ፒሲአሬ (ዲኤንኤ ማባዛቱ) ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ፕላዝሚዴ (ክቡ የባክቴሪያ ዲኤንኤ) ተቆርጧል? ከእንሰት ቅጠል ያወጣሁት ዲኤንኤ ደህና ነው ወይስ ተበጣጥሷል? ለነዚህ ሁሉ መልሱ አጋሮዝ ነው። የጀማሪ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዝም በሉት፤ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰዎችም ጠዋት ገብተው መጀመሪያ የሚያፈሱት እሱን ነው።

ፐርሰንቱን በልክ ምረጡ። 0.7 ፐርሰንት ከ800 ቤዝ እስከ 12 ሺህ ያህል በደንብ ይለያል። 1 ፐርሰንት ከ500 እስከ 10 ሺህ፣ ለአብዛኛው ሥራ የሚበቃው እሱ ነው። 1.5 ከ200 እስከ 3 ሺህ። 2 ፐርሰንት ከ100 እስከ 2 ሺህ። ከዚያ በላይ፣ 3 ፐርሰንት ምናምን፣ ይቻላል ግን ገንፎ ይሆንባችኋል፤ ሳይሟሟ የቀረ ጓል ይኖረዋል፣ አረፋ ይይዛል፣ ቶሎ ይረጋል። 

አሠራሩ ቀላል ነው፦ 50 ሚሊ ሊትር በፈር ውስጥ ግማሽ ግራም አጋሮዝ፣ 1 ፐርሰንት ሆነላችሁ። ማይክሮዌቭ ውስጥ እስኪጠራ አፍሉት፣ የተነነውን ውሃ መልሱለት (ካልመለሳችሁ 1 ያላችሁት ጄል 1.2 ሆኖ ይጠብቃችኋል)፣ ጠርሙሱን በእጃችሁ መያዝ ስትችሉ አፍስሱት። በፈር ነው ያልኩት፣ ውሃ አይደለም። ጄሉን በተጣራ ውሃ አፍስሶ አንድ ሰዓት ሙሉ ዲኤንኤው ከዌሉ (ናሙናው ከሚገባበት ጉድጓድ) ንቅንቅ ሳይል ሲጠብቅ የዋለ ሰው አውቃለሁ። እኔው ነኝ።

ቮልቴጁንም ሰው ይሳሳታል። «5 ቮልት በሴንቲሜትር» ሲባል የሚለካው የጄሉ ርዝመት አይደለም፤ ሳጥኑ ውስጥ ካንዱ ሽቦ እስከ ሌላው ሽቦ ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ 16 ሴንቲሜትር ከሆነ 80 ቮልት ማለት ነው። ለመቸኮል 150 ብታደርጉት ጄሉ ይሞቃል፣ ባንዶቹ ፈገግ ያሉ ይመስል ዳርና ዳር ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ መሃሉ ይቀድማል። ፎቶው ላይ ያምራል፣ ቴሲስ ላይ አያምርም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚደነግጥበት። ያልተቆረጠ ፕላዝሚድ ጄል ላይ ሁለት ሦስት ባንድ ቢያሳይ ቆሻሻ ገባበት ማለት አይደለም። ያው አንዱ ፕላዝሚድ ተጠቅልሎ ሲጠብቅ፣ አንድ ቦታ ተበጥሶ ሲላላ፣ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ቀጥ ሲል፣ ሦስት ዓይነት ፍጥነት አለው። ስለዚህ ያልተቆረጠ ፕላዝሚድን ከላደር (መጠኑ ከሚታወቀው ማወዳደሪያ ዲኤንኤ) ጋር አስተያይታችሁ መጠኑን አትጻፉ። መጀመሪያ ቁረጡት።

ፖሊአክሪላማይድ ለዲኤንኤ

እዚህ ነው ያ ተማሪ የተሳሳተውም፣ በኋላ እንደምታዩት ደግሞ በግማሽ ትክክል የሆነውም።

ፖሊአክሪላማይድ ቀዳዳው ጠባብና እኩል ነው። ለትንንሽ ነገር ተወዳዳሪ የለውም። 8 ፐርሰንት ከ60 እስከ 400 ቤዝ ይለያል፣ 12 ፐርሰንት ከ40 እስከ 200። ዩሪያ ጨምራችሁ ሁለቱን የዲኤንኤ ክሮች ካላቀቃችሁ ደግሞ የአንድ ቤዝ ልዩነት ያሳያችኋል። አጋሮዝ ይህን በሕልሙም አያደርገውም። የእንሰት ወይም የቡና ዝርያዎችን በማይክሮሳተላይት (እየተደጋገመ በሚመጣ አጭር ዲኤንኤ) ለምትለዩ ሰዎች ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቤዝ ስለሆነ፣ በአጋሮዝ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ተሰልፈው «ዝርያዎቹ አንድ ናቸው» የሚያሰኛችሁ ውሸት ታያላችሁ።

ዋጋው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። አክሪላማይድ ሳይረጋ በፊት የነርቭ መርዝ ነው። በቆዳም ይገባል። ዱቄቱን መመዘን ከሁሉ የከፋው ነው፣ ብናኙ ይነሳል፤ ከቻላችሁ የተበጠበጠውን ግዙ። ከረጋ በኋላ ይሻላል ግን ውስጡ ያልረጋ ቅሪት ስለማይጠፋ ጓንታችሁን አታውልቁ። ሲረጋ ኦክስጅን አይወድም፣ ለዚህ ነው እንደ አጋሮዝ ሜዳ ላይ ሳይሆን በሁለት መስታወት መሃል የሚፈሰው። የሚያረጉት ሁለት ኬሚካሎች ናቸው፦ ኤፒኤሱ የዚያኑ ዕለት የተበጠበጠ ይሁን፣ ቴሜዱ መጨረሻ ይግባ። ሙቀት ደግሞ መርጋቱን ያፈጥነዋል፤ በመጋቢት ሙቀት ቴሜድ ጨምራችሁ ስልክ ካነሳችሁ ጄሉ ቢከሩ ውስጥ ይረጋላችኋል። መስታወቱ ያልተገጠመ እንደሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ይህን ሁሉ የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ አጋሮዝ በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ሥራ ይህኛው ግማሽ ቀን እንደሚወስድ አውቃችሁ እንድትገቡበት ነው።

ቲኤኢ ወይስ ቲቢኢ?

ሁለቱም በፈር ናቸው፣ በዚህ ጉዳይ ሰዎች እንደ ኳስ ቡድን ይከራከራሉ። እኔ አጭር ነኝ። ባንዱን ቆርጣችሁ አውጥታችሁ ልታጣብቁት ወይም ኢንዛይም ልታስነኩት ከሆነ ቲኤኢ፤ ቲቢኢ ውስጥ ያለው ቦሬት ኢንዛይሞቹን ያስቸግራል። ረጃጅም ዲኤንኤም በቲኤኢ ይሻላል። ከአንድ ሺህ ቤዝ በታች ሆኖ ጥርት ያለ ባንድ ከፈለጋችሁ፣ ወይም ረጅም ሰዓት የምታስሮጡ ከሆነ ቲቢኢ፣ በግማሽ መጠኑም ይሠራል። ቲኤኢ ቶሎ ይደክማል፣ አንዱን በፈር አምስት ቀን አታመላልሱት። ቲቢኢ በበኩሉ ወፍራም አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ጠርሙሱ ሥር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ጄሉን በአንዱ አፍስሶ ሳጥኑን በሌላው መሙላት ግን ክልክል ነው፣ በየትኛውም ቡድን ሕግ።

መብራት ሲጠፋ

የውጭ አገር መመሪያዎች ላይ ይህ ምዕራፍ የለም። እኛ ጋ ግን ጄል ስንመርጥ አንዱ መመዘኛ ነው።

መብራት ሲጠፋ ዲኤንኤው ባለበት ይቆማል፣ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቀስ በቀስ ወደ ዙሪያው ይሰራጫል። ትንንሾቹ ቶሎ ይደበዝዛሉ፣ ትልልቆቹ ይታገሣሉ። ስለዚህ 1 ፐርሰንት ጄል ላይ 3 ሺህ ቤዝ እያስሮጣችሁ ሃያ ደቂቃ ቢጠፋ ምንም አትሆኑም። 100 ቤዝ ከሆነ ግን ባንዱ ወፍሮ ታገኙታላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሚሮጥ ረጅም ጄል ያለ ዩፒኤስ አልመክርም፣ ነጥብ።

በአንድ ወቅት በምሠራበት ላብ ውስጥ አንዲት አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ነበረች፤ መብራት ሲመለስ ካቆመችበት ራሷ የምትቀጥል ዓይነት። ጄሌ ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ፣ ዛሬማ አይመለስም ብዬ አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ በላሁ፣ ጊዜ ወስጄ፣ በሚጥሚጣ። ስመለስ ማሽኗ እየሠራች ነው። ከናሙናው ጋር የሚሮጠው ሰማያዊው ቀለም ከጄሉ ላይ የለም። ዲኤንኤውም የለም፣ ሳጥኑ ውስጥ ባለው በፈር ዋና ሄዷል። የሁለት ሳምንት ናሙና ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የማደርገው ማብሪያውን ማጥፋት ነው፣ ቀጥሎ ቀለሙ የደረሰበትን ሳጥኑ ላይ በማርከር ማስመር፣ ከዚያ ነው ዓሣው።

ስለ ቀለሙ ካነሳን፦ ብሮሞፌኖል ብሉ 1 ፐርሰንት አጋሮዝ ላይ ከ300 ቤዝ ዲኤንኤ ጋር ይሄዳል፣ ዛይሊን ሳያኖል ደግሞ ከ4 ሺህ ጋር። የምትፈልጉት 250 ቤዝ ከሆነ ሰማያዊው ጫፍ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ የእናንተው ከፊቱ ነው ያለው።

የማሳያ ቀለም

ኢቲዲየም ብሮማይድ ርካሽ ነው፣ ጥቂት ናኖግራም ዲኤንኤ ያሳያል፣ ሁሉም ያውቀዋል። በዲኤንኤ ደረጃዎች መሃል ሾልኮ ይገባል፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ብርቱካናማ ይበራል። የኛም ዲኤንኤ ውስጥ መግባት ይችላል፣ ችግሩ እሱ ነው። ሳይበር ሴፍና ጄልሬድ የሚባሉት ይወደዳሉ ግን አያያዛቸው ቀላል ነው፤ ሳይበር ሴፍ በሰማያዊ ብርሃን ስለሚታይ ባንድ ቆርጠው ለሚያወጡ ሰዎች ሌላም ጥቅም አለው፣ አልትራቫዮሌት ዲኤንኤውን ራሱን ይጎዳል፣ ሰማያዊው አይጎዳም። ክሎን የምታደርጉ (ባንዱን ቆርጣችሁ ፕላዝሚድ ውስጥ የምታስገቡ) ከሆነ በዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ፒሲአር ብቻ የምታዩ ከሆነና ላባችሁ ለኢቲዲየም የተለየ ጥግ፣ የተለየ ፒፔት፣ የተለየ ቆሻሻ መጣያ ካለው፣ እሱም ይበቃል።

ካለው ነው ያልኩት። በኢቲዲየም ጓንት የበር እጀታ የሚከፍት፣ በዚያው ጓንት ስልኩን አውጥቶ ጄሉን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የሚለቅ፣ ማታ ያንን ስልክ ጆሮው ላይ የሚያደርግ ልጅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰላችሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ያለበት ላብ የትኛውን ቀለም እንደሚመርጥ እኔን መጠየቅ የለበትም።

ፕሮቲን ከሆነስ?

ፕሮቲን እንደ ዲኤንኤ ቀና አይደለም። አንዱ ኔጋቲቭ ነው፣ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ያው አንዱም የበፈሩ ፒኤች ሲቀየር ይገለበጣል። ቅርጹም የተለያየ ነው፤ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ ዘንግ። እንዳለ ብታስሮጡት መጠኑን ነው ያያችሁት ወይስ ቻርጁን ወይስ ቅርጹን፣ አታውቁም።

ኤስዲኤስ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሳሙና ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ፕሮቲኑን ይዘረጋዋል፣ ለአንድ ግራም ፕሮቲን 1.4 ግራም ያህል ሆኖ ይለጠፍበታል፣ በራሱ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይሸፍነዋል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቀዩ ይሮጣል፣ የሚለያየውም በመጠን ብቻ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን አሠራር ኡልሪሽ ሌምሊ በ1970 ነው ያሳተመው፣ ላይኛው ጄል ፒኤች 6.8፣ ታችኛው 8.8 የሚለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ታዲያ መቼ ነው ያለ ኤስዲኤስ የምንሠራው? ፕሮቲኑ ከሮጠ በኋላም ሕያው እንዲሆን ከፈለጋችሁ። ኢንዛይም ከሆነ ጄሉ ላይ ራሱ ሥራውን እንዲሠራ፣ ወይም ሁለት ፕሮቲኖች ተያይዘው እንደሆነ ለማየት። መጠኑን ለማወቅ፣ ንጽሕናውን ለማየት፣ ወይም ቀጥሎ ዌስተርን ብሎት (አንዱን ፕሮቲን በአንቲቦዲ መፈለጊያ) ለመሥራት ከሆነ ኤስዲኤስ ነው፣ አታመንቱ።

የወተት ፕሮቲን የምትሠራ ልጅ ስንት ፐርሰንት ላፍስስ ብላኝ ነበር። ያው ቁጥር መጻፍ ነው። አልፋ ላክታልቡሚን 14 ኪሎ ዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ፣ ቤታ ላክቶግሎቡሊን 18፣ ኬሲኖቹ ከዚያ ከፍ ብለው፣ ሴረም አልቡሚን 66። ትንንሾቹ ናቸው የሚያስጨንቋት፣ ስለዚህ 15 ፐርሰንት አልኳት። 8 ፐርሰንት ብታፈስ ኖሮ ሁለቱ ትንንሾች ከፊት ቀለሙ ጋር ተጣብቀው በወጡ ነበር። ከ100 ኪሎ ዳልተን በላይ ለምትፈልጉ ግን ያው 8 ነው ልካችሁ።

ማፍላቱን በተመለከተ፦ መመሪያው 95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ይላል። ሐዋሳ 1700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ሲፈላ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቆመው። ሄትብሎክ የሌላችሁና ምድጃ ላይ በድስት የምታፈሉ ሰዎች ቴርሞሜትሩ 95 አልደርስ ብሎ አትጨነቁ፣ ለኤስዲኤስ 94 በቂው ነው።

የፕሮቲን ማሳያ ቀለሙ ኩማሲ ይሁን ሲልቨር? ናሙናችሁ ብዙ ከሆነ ኩማሲ። ሲልቨር ኩማሲ የማያየውን አንድ ናኖግራም ያህል እንኳ ያያል፣ ግን የጣት አሻራችሁንም ያያል። ኬራቲን ከጣታችሁ ገብቶ 60 ኪሎ ዳልተን አካባቢ ባንድ ሲሠራ «አዲስ ፕሮቲን አገኘሁ» ብለው የተደሰቱ ሰዎች አሉ።

ካፒላሪ፣ እና የጎረቤቴ እናት ወረቀት

ካፒላሪ ኤሌክትሮፎሬሲስ ያንኑ ነገር ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ውስጥ ማስኬድ ነው፤ ውስጡ ከ25 እስከ 100 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። በጣም ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፣ ስለዚህ 10 ሺህ፣ 30 ሺህ ቮልት ይችላል፣ ሥራውም በደቂቃዎች ያልቃል። ሳንገር ሲክዌንሲንግ (የዲኤንኤን ፊደል ማንበቢያ ዘዴ) የሚሠራበት ማሽን ይሄው ነው። የሰው ጂኖም ፕሮጀክትም ወደ መጨረሻው የሮጠው በዚህ ነው። የማይክሮሳተላይት ፍሬግመንትም በአንድ ቤዝ ልዩነት ያነባል፣ ቁጥሩን ራሱ ኮምፒውተር ላይ ይሰጣችኋል፣ በዓይን መገመት የለም። ማሽኑን መግዛት አይታሰብ። ናሙና መላክ ግን ይቻላል፣ ፕራይመሩ (ፒሲአሩ የሚነሳበት አጭር ዲኤንኤ) ግን ከመጀመሪያው የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት መሆን አለበት፤ ይህን ዘግይቶ የሚሰማ ሰው ፕራይመሩን እንደገና ያዝዛል።

ጎረቤቴ ይዞት የመጣው ወረቀት የሴረም ፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ ነበር። አልቡሚን፣ አልፋ አንድ፣ አልፋ ሁለት፣ ቤታ፣ ጋማ፤ የቲሴሊየስ ክፍሎች እስከ ዛሬ ስማቸውን ይዘው አሉ። ሐኪሞች በብዛት የሚያዙት ጋማው አካባቢ እንደ ሾጣጣ ተራራ የቆመ ነገር ካለ ለማየት ነው፣ መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የደም ካንሰር ሲጠረጠር። ስለ እናቱ ውጤት ግን «ወንድሜ፣ ይህን ለሐኪሟ ነው የምትጠይቀው» ብዬ ነው የመለስኩት። እናንተም እንደዚያ በሉ።

ሄሞግሎቢን የሚለዩ ላቦች ግን ምርጫ አላቸው። በ1949 ላይነስ ፖውሊንግና ባልደረቦቹ የሲክል ሴል ሕመምተኞች ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ ሲለይ ከጤነኛው የተለየ ቻርጅ እንዳለው አሳዩ። ምክንያቱ ቆይቶ ታወቀ፦ አንድ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ተተክቷል፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ ጎድሏል። ሴሉሎስ አሲቴት ላይ፣ ፒኤች 8.6 አካባቢ፣ ጤነኛው ኤ ይቀድማል፣ የሲክል ሴሉ ኤስ ይዘገያል። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይሠራል። ድክመቱ ኤስና ዲ የሚባለው ሌላ ሄሞግሎቢን አንድ ቦታ መቆማቸው ነው። ስለዚህ ኤስ ያለበት ቦታ ባንድ ካያችሁ አሲዳማ ጄል ላይ ደግማችሁ አረጋግጡ። ካፒላሪ ያለው ላብ ይህን ሁሉ ድካም በብዛት ይዘልለዋል።

የቀሩት፣ በሩጫ

ከ50 ሺህ ቤዝ በላይ የሆነ ዲኤንኤ ተራ ጄል ላይ አንድ ቦታ ይከመራል፤ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ እያፈራረቀ የሚያስኬድ ፐልስድ ፊልድ የሚባል ዘዴ አለ፣ ከ1984 ጀምሮ። ከዓመት አንዴ ካልሆነ አያስፈልጋችሁም። አይሶኤሌክትሪክ ፎከሲንግ ፕሮቲንን በመጠን ሳይሆን ቻርጁ ዜሮ በሚሆንበት ፒኤች ያስቆመዋል፤ እሱን ከኤስዲኤስ ጋር በሁለት አቅጣጫ ካደረጋችሁት በሺህ የሚቆጠሩ ነጠብጣቦች ታያላችሁ፣ ያምራል፣ ከዚያ ምን እንደምታደርጉባቸው አስቀድማችሁ አስቡ። አርኤንኤ ከሆነ አጋሮዝ ይበቃል፣ ግን ዲናቹሪንግ (ጥቅልሉን የሚፈታ) አድርጉት፤ ሳጥኑንም ቀድማችሁ እጠቡ፣ አርኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም የሌለበት ጣት የለም።

ያ ተማሪ

ቁጥሩን ጻፍ አልኩት። የእንሰት ማይክሮሳተላይት ነው፣ ከ120 እስከ 280 ቤዝ፣ ልዩነቱ ሁለት ሁለት ቤዝ። እንግዲህ ሲኒየሩ ምክንያቱን ባያውቀውም መልሱን አግኝቷል፣ አጋሮዝ ይህን አይለይም። ግን ደግሞ 12 ፕራይመር ነው ያለው፣ አንዱም ተሞክሮ አያውቅም። ለነሱ አክሪላማይድ ሊያፈስ ነበር።

«መጀመሪያ 2 ፐርሰንት አጋሮዝ ላይ ሁሉንም እይ» አልኩት። «ባንድ የሚሰጡትን ብቻ ይዘህ ወደ ትልቁ ሂድ።» ደስ አላለውም፣ ድምፁ ላይ ያስታውቃል። ሐሙስ ዕለት ፎቶ ላከልኝ። አምስቱ ባዶ ናቸው። የሰባቱ ባንድ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሄደው፣ ሽቦውን ገልብጦ ሰክቶት ዌሎቹን በቀዩ በኩል አድርጎ።